«ንገራት» አትበሉኝ፤ እሷው ፊታችሁ ተቀምጣለች

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። ባንክ፣ ጤና ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚሄዱበት ሁሉ እሄዳለሁ። መስማት የምንችለው ሰዎች የምንሠራው ስህተት ግን የትም አንድ ነው። ትናንት እንደገና ስለገጠመኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው አስተርጓሚውን ማናገር ነው። ባለጉዳይዋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሰውየው ግን እኔን እያየ «ንገራት፣ መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ» ይላል። «ጠይቃት እስኪ፣ ያገባች ናት?» ይላል። ሲብስ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄን እንኳ አትንገራት» ይለኛል። ወንድሜ፣ የተናገርከው ሁሉ በእጄ ወጥቷል፤ «አትንገራት» ያልከውም ጭምር። ሥራዬ ነው። ቀና ብትል ኖሮ እንዴት እያየችህ እንደነበር ታውቅ ነበር።

እሷን እያያችሁ እሷን አናግሩ። «ስምዎት ማን ነው?» በሉ፤ «ስሟ ማን ነው?» አይደለም። እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ። እኔም የእሷን ቃል የማወጣው በ«እኔ» ነው።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ፣ የእርግዝና ክትትል ክፍል ገባን። ባለጉዳይዋ በምልክት ተናገረች፤ እኔም «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ» አልኩ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ጺሜን አየች፣ ቀጥላ ሆዴን። (የምጽፈው ባለጉዳይዋ ፈቅዳልኝ ነው። እንዲያውም ታሪኩን ከእኔ በላይ አሳምራ የምታወራው እሷ ናት።) ሦስታችንም እስክንጠግብ ሳቅን። ከዚያ ነርሷ ዞር ብላ ሦስት ጥያቄ በቀጥታ ጠየቀቻት። አራተኛው ላይ «ግፊቷን ተለክታ ታውቃለች በላት» ብላ ወደ እኔ ተመለሰች።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አለ። የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን የምርመራ ውጤት እንዲነግራት አታድርጉ። በቃ።

ለማይሰማ ሰው በቴሌግራም ቮይስ መላክ። ይሄንንም ላስረዳ?

«ቀስ ብዬ ካወራሁ ከንፈሬን ያነባሉ» የምትሉ፣ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «ማር» በሉ። አሁን «ባር» በሉ። ልዩነቱ ታያችሁ? «መ»ም «በ»ም ከንፈር ገጥሞ ነው የሚወጣው፣ ዓይን አይለየውም። «ከ» እና «ቀ» ደግሞ ከአፍ ጀርባ ስለሚወጡ ጭራሽ አይታዩም። ከንፈር የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ ግን ብዙውን በግምት እየሞሉ ነው፣ ደግሞም ያደክማል። መጮህ ደግሞ የከንፈሩን ቅርጽ ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

ወረቀትና እስክሪብቶ ማቀበል ሁሌ ስህተት አይደለም። ስህተቱ «ጽፌለታለሁ፣ ስለዚህ ገብቶታል» ማለቱ ነው። ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የምልክት ቋንቋ በእጅ የተነገረ አማርኛ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው አለው። «አልነገረችኝም» የምትለዋን ቃል እስኪ ፍቷት። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ አለመሆኑ ጭምር አንድ ላይ ታጭቆባታል። እኛ ይሄን ከእናታችን ጀርባ ታዝለን እየሰማን ነው ያገኘነው። መስማት የተሳነው ሰው ግን ክፍል ገብቶ በዓይኑ መማር አለበት። ስለዚህ አጭር ጻፉ፣ ከተቻለ ሣሉ። «በቀረበው ማስረጃ መሠረት እንዲፈጸም ሆኖ» የሚለውንማ እኔም አይገባኝም።

ለጀማሪዎች ልቤ ይራራል፤ ብቻ ከዩቲዩብ የአሜሪካን ምልክት ሸምድዳችሁ አትምጡ። የእኛው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ያመጧቸው የአሜሪካም የሰሜን አውሮፓም ምልክቶች ገብተውበታል፣ ግን ራሱን የቻለ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ያስተምረዋል። የምልክት ስም፣ ማለትም በእጅ ምልክት የምትጠሩበትን ስም፣ ደግሞ ለራሳችሁ አታውጡ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች አይተው ያወጡላችኋል። የእኔ አገጬ ላይ ያለችው ጠባሳ ናት። አልወደድኳትም ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

የጣት ፊደልን አቅልሎ ማየት የእኔው ስህተት ነበር። እያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው ከተዝረከረከ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ወዳጄ «አበበ ካፌ እየጠበቀህ ነው» ልለው ፈልጌ መጨረሻዋ ላይ እጄ ተሳሳተች። «አበባ» ሆነ። ልጁ ቤቱ ተመልሶ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ሽቶ ነስንሶ ሄደ። ያገኘው ጋራዥ የሚሠራውን አበበን ነው፣ ከነቱታው።

ምልክትን ወደ ድምፅ የሚቀይር ጓንት ልትሠሩ ያሰባችሁ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ቆዩኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ሳይንአላውድ» የተባለ ጓንት ሠርተው የ10,000 ዶላር ሽልማት አግኝተው ነበር። ዜናው ዓለምን ሲያዳርስ መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች ተቃወሙት። ጓንት ፊት አያይም። ቅንድብ መነሣቱ፣ ትከሻ ማዘንበሉ፣ አፍ መኮማተሩ ሰዋስው ነው፤ ማስጌጫ አይደለም። ደግሞስ ጓንቱን የሚለብሰው ለምን መስማት የተሳነው ሰው ይሆናል? ከመሥራታችሁ በፊት ምን እንደሚቸግራቸው ጠይቋቸው። ብዙዎቹ የሚነግሯችሁ የቪዲዮ ጥሪ መሐል ላይ መቆራረጡን ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ እጅ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል። እናንተ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ትላላችሁ፤ እነሱ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው የደረቀ እጅ ያያሉ።

ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ግን ይጠቅማል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛም ይሰማል። ብቻ ታክሲ ውስጥ ወያላው እየጮኸ ከሆነ የሚጽፈውን አትመኑ።

የመጨረሻው ስህተት የብርሃን ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ስንጫወት መብራት ጠፋ። ሁላችንም ብንሰማ ኖሮ ወሬው በጨለማም ይቀጥል ነበር። እዚያ ግን እጅ ካልታየ ወሬ የለም። አንድ ጀማሪ ተማሪያችን ሊረዳ ብሎ የስልኩን ባትሪ አበራና የተናጋሪዋ ዓይን ላይ ደቀነው። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ባለቤቷ ስልኩን ከእጁ ተቀብሎ መብራቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው፤ ላዩ ላይ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አቆመበት። ክፍሉ ወገግ አለ። ወሬውም ካቆመበት ቀጠለ፤ የአበበና የሽቶው ነገር ነበር።