«ለፈተና መመዝገቢያ 450 ብር ብቻ»

ጎንደር ማራኪ ግቢ አጠገብ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ተመራቂ ሲወጣ ሲቪ አትማለሁ፤ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ያው ልጅ በቴሌግራም የደረሰውን «የቅጥር ደብዳቤ» አትሚልኝ ብሎ ይመጣል። ሰው የሚያሳትመውን ማንበብ ነውር ነው፤ እኔ ግን አነባለሁ።

ምክንያት አለኝ፤ በሐሰተኛ ሥራ የሚያጭበረብሩ ሰዎች እኔንም በልተውኛል። በ2012 ሥራ ፈላጊ ሳለሁ አንድ «ድርጅት» ለፈተና መመዝገቢያ 450 ብር አስገቢ አለኝ። ከእናቴ ተበድሬ አስገባሁ። በተባለው ቀን እስክሪብቶና መታወቂያ ይዤ የአዘዞ ታክሲ ተሳፈርኩ። በአድራሻው ያገኘሁት ወፍጮ ቤት ነው። ባለ ወፍጮው በዱቄት ነጭ እንደሆነ ብቅ አለና «አንቺ ዛሬ አምስተኛዋ ነሽ» አለኝ።

እንግዲህ መጀመሪያ ብሩን እዩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ይላል። የሰፈር ደላላ ኮሚሽን እንደሚቀበል አውቃለሁ፤ እሱን ቢያንስ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ፊቱን ያላያችሁት ሰው ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም፣ ለ«ዋስትና» ክፈሉ ካለ ግን ሥራ የለም። «ከመጀመሪያው ደመወዝ ይመለሳል» ማለቱም ያው ነው።

እጃችሁ ወደ ስልኩ ከሄደ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ስትልኩ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ድርጅት ነኝ ያለው የአንድ ግለሰብ ስም ሆኖ ከወጣ እዚያው ላይ አቁሙ። «የሒሳብ ሹማችን ነው» ይሏችኋል፤ ሁሌም የሒሳብ ሹም ነው።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ያመጣችውን ልንገራችሁ። በስልኳ ስታየው ያምራል፤ በኤ-ፎር (A4) ወረቀት ሲወጣ ጉዱ ፈላ። የድርጅቱ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ የሷ ስም በሌላ፤ ከፊሉ ወፈር፣ ከፊሉ ቀጠን ያለ። የደብዳቤ ቁጥር የለውም። ማኅተም ሲመታ ፊርማውን ወይም ስሙን ረገጥ ያደርጋል፣ ትንሽም ያዘነብላል፤ ይሄኛው ባዶ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ቀኑ ደግሞ «ጥር 31»። «እህቴ፣ የኛ ጥር ስንት ቀን ነው?» አልኳት። በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ዝም አለች። የማተሚያውን ሒሳብ አልተቀበልኳትም።

ሁሉም እንዲህ ቂል አይደለም፤ ንጹሕ ደብዳቤ የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ አትደውሉ፤ የሚያነሳው ራሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ከሌላ ቦታ ፈልጉ። ጎንደር ከሆነ በእግራችሁ ሂዱና የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከሆነ እዚያ ያለ ዘመድ አይጠፋም፣ ሄዶ በር ላይ ይጠይቅላችሁ። «ዛሬ 11 ሰዓት ድረስ ካልከፈልሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» የሚሉት ይህን እንዳታደርጉ ነው።

ሰሞኑን የበዛው ሌላኛው ነው፦ ቪዲዮ ላይክ አድርጉ፣ ብር ውሰዱ። መጀመሪያ በእርግጥ ይከፍላሉ። መቶ፣ ሁለት መቶ ብር ቴሌብራችሁ ውስጥ ታዩና ለጓደኛ ትነግራላችሁ። ከዚያ «ቪአይፒ ሥራ» ይመጣል፤ ሦስት ሺህ አስገብታችሁ አራት ሺህ ልትወስዱ። ገጹ ላይ ሒሳባችሁ ሲያድግ ይታያል፤ ለማውጣት ስትጠይቁ ግን «ግብር ክፈሉ» ይባላል። ግሩፑ ውስጥ «ደረሰኝ፣ ተመስገን» እያለ ፎቶ የሚለጥፈውም የነሱው ሰው ነው። ያችን የመጀመሪያዋን መቶ ብር ማጥመጃ ላይ እንዳለች ትል ቁጠሯት።

የውጭ አገር ሥራ ሲሆን ጉዳዩ ከብር ያልፋል። «ታይላንድ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ደመወዙ በዶላር» ተብለው የሄዱ ልጆች ድንበር ተሻግረው ማይናማር ውስጥ በተዘጋ ግቢ ሌላውን ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል፤ በ2017 የካቲት ከነዚያ ግቢዎች ከወጡት ሺዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ቪዛውና የደርሶ መልስ ትኬቱ የአሠሪው ወጪ ነው። በቱሪስት ቪዛ ሂዱ፣ እዚያ ይቀየራል የሚላችሁን ሰው ግን ቁጥሩን ዝጉት።

ስለ ወረቀታችሁ፦ የዲግሪ ኮፒ ስትልኩ ላዩ ላይ «ለሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት። በስልክ የሚመጣላችሁን ኮድ ለማንም አትንገሩ፤ የፋይዳም፣ የቴሌብርም፣ የቴሌግራምም። ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩት፤ አካውንታችሁ ከተወሰደ ቀጥለው በእናንተ ስም አክስታችሁን ነው ብር የሚጠይቁት።

ብሩ ሄዶ ከሆነስ? አታፍሩ፣ እኔ ለእናቴ ለመንገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ወዲያው ደውሉ፤ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። ደቂቃ ዋጋ አለው፣ ብሩ ካልወጣ ሊታገድ ይችላል። ተናዳችሁ ንግግሩን አታጥፉት፤ የሰውየውን ቁጥር፣ የተላላካችሁትንና ደረሰኙን ስክሪንሾት አንሱና አሳትማችሁ ፖሊስ ጣቢያ ውሰዱ። ለዚህ የሚታተም ከሆነ እኔ ጋ በነጻ ነው፤ ከአሥር ገጽ ካለፈ ግን ቀለሙን እንካፈላለን።