የፍየል ሥጋ በማይክሮዌቭ ጎማ እንዳይሆንባችሁ

ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የገዛሁትን የፍየል ሥጋ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳበስለው ዳር ዳሩ ደርቆ ጎማ ይሆናል፣ መሃሉ ግን ቀይ ነው። ደቂቃ ስጨምር ባሰበት። ሳህን ብቀይርም ያው ነው።

የሠራልኝ ስቶንዌር የሚባለው ወፍራም፣ ክዳን ያለው የሸክላ መጋገሪያ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ከአንድ ኩባያ ውሃ ጋር 1 ደቂቃ አስገባሁት። ውሃው ሞቆ ዕቃው ካልጋለ ለማይክሮዌቭ ይሆናል። ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ግን በፍጹም እንዳታስገቡ፤ እሳት ይረጫል።

ሥጋውን እኩል እኩል ቆራርጬ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ትንሽ ውሃ ጨምሬ ከደንኩት። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው፦ ኃይሉን ወደ 50 በመቶ አወረድኩ። በየመሃሉ እያወጣሁ አገላበጥኩት። ሲያልቅ ሳልከፍት 10 ደቂቃ ተውኩት። ዕቃው ሙቀት ስለሚይዝ መሃሉም በደንብ ይደርሳል። ትልቁን ቁራጭ ቆርጣችሁ እዩት፤ ቀይ ከሆነ መልሱት። ዕቃውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አታስገቡ፣ ይሰነጠቃል።