የድሮ ብዕር ስታድሱ ገንዘብ የሚበሉ ስህተቶች

ከአባት የተረፈ ፓርከር መሳቢያ ውስጥ ያገኘ ሰው፣ ብዕሩ እምቢ ሲለው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መለዋወጫ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። አልጻፈም ማለት ተሰብሯል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ቀለም ደርቆበት ነው። ፓርከር 51ን ውሰዱ። በፈረንጆች ከ1948 ጀምሮ የወጣው፣ እየተጨመቀ የሚሞላው ዓይነት፣ የቀለም ከረጢቱ የጎማ ሳይሆን ፕሊግላስ የሚሉት ፕላስቲክ ስለሆነ ዛሬም ደህና ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አዲስ ከረጢት አዝዤ ሳምንታት ጠበቅኩ። ብዕሩን ያስነሳው ግን አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃና የሁለት ቀን ትዕግሥት ነበር። ከረጢቱ እስካሁን ቤቴ አለ። (ቀፎው ኢቦናይት የሚሉት የጠነከረ ጎማ ከሆነ ግን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ጥቁሩ ወደ ቡኒ ይሄዳል።)

በስም ብቻ መግዛትም አለ። «የ51 ዕቃ» ሲባል የትኛው 51? ከ1941 እስከ 1948 የነበረው በጭራው በኩል ትንሽ ክዳን አለው፤ እሷ ስትከፈት ከሥሯ የምትጫን ዘንግ ትወጣለች። የኋለኛው ቀፎው ሲፈታ የብረት መጭመቂያ ነው የሚታየው። የአንዱ መሙያ ለሌላው አይሆንም። ርካሽ ነው ብላችሁ የቻይናውን ሂሮ 616 ለመለዋወጫ እንዳትገዙ ደግሞ፤ በመልክ ይመሳሰላል እንጂ ዕቃው አይገጥምም።

ሦስተኛው እኔን በጣም የሚያናድደኝ ነው፤ «ኦሪጅናል» የጎማ ከረጢት ፍለጋ። ጎማ ሳይነካም ያረጃል! የ60 ዓመት ከረጢት ከነካርቶኑ ቢመጣም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ የተሠራው ይሻላል፣ ዋጋውም ያንሳል። በጎን ያለ ማንሻ ሲነሳ በሚሞሉት ብዕሮች ውስጥ፣ ከማንሻው ሥር ሆና ከረጢቱን የምትጨምቀው የብረት ልሳንም እንዲሁ ናት። ማንም አያያትም፤ ርዝመቷን ቆርጣችሁ የምታስተካክሏት ተራዋ ትበቃለች። ለኦሪጅናል ገንዘብ ካወጣችሁ ለሚታየው አውጡ፦ ለክዳኑ፣ ለማንጠልጠያው፣ ለጫፉ።

ከረጢት ስትገዙ በዓይን አትገምቱ። ቁጥሩ ኢንች ለ64 ተካፍሎ የሚለካ ስፋት ነው። ለምሳሌ ኤስተርብሩክ ጄ ለሚባለው የድሮ የአሜሪካ ብዕር የሚሆነው 16 ቁጥር 16/64 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀፎ ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን የሚታከክ ከሆነ ሰፍቷል፤ ብዕሩም በደንብ አይሞላም።

ኤስተርብሩክን ካነሳሁ አይቀር፣ ጫፉ በእጅ ተፈትቶ የሚቀየር ስለሆነ ለጀማሪ እንደሱ ያለ የለም። ግን ቁጥሩን አንብቡ። በ9 የሚጀምሩት ጫፋቸው ላይ ጠንካራ ማዕድን የተበየደባቸው ናቸው፤ በ1 እና በ2 የሚጀምሩት ተራ ብረት ስለሆኑ በርካሽ ይገኛሉ። የ9ኙን ዋጋ ለ2 የሚጠይቅ ሻጭ አይጠፋም።

ሱፐር ግሉ? በፍጹም። ከረጢት የሚጣበቀው በሼላክ ነው፤ የቤት ዕቃ የሚያብረቀርቁበት በአልኮል የሚሟሟው። እሱ ለስለስ ባለ ሙቀት ይለቃል። በሱፐር ግሉ ያጣበቃችሁትን ግን የሚቀጥለው ጠጋኝ ሰብሮ ነው የሚያወጣው። ለማሞቅ ብላችሁም ላይተር አታስጠጉ፤ ብዙዎቹ የድሮ ብዕሮች ሴሉሎይድ ከሚባለው የጥንት ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፣ ሴሉሎይድ ደግሞ እንደ ጭድ ይነዳል።

የተሰበረ ብዕር ገዝቶ ዕቃውን መጠቀም ጥሩ ዘዴ ነው። ግን የምትፈልጉትን ዕቃ በቅርብ የተነሳ ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ፤ ጫፍ ፈልጋችሁ ጫፉ የተጣመመ ብዕር ቢመጣላችሁ ሁለት ስብራት ይኖራችኋል።

በመጨረሻ መላኪያ። የከረጢቱን ዋጋ ያያል ሰው፣ የመላኪያውን አያይም፤ መላኪያው ግን አንዳንዴ ከዕቃው ይበልጣል። አንድ በአንድ አትዘዙ። ብዕር የሚወዱ ጓደኞች ካሏችሁ ሰብሰብ አድርጋችሁ እዘዙ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቤት ይደርስና እሱ ይዞት ይምጣ። አሥር ከረጢት ሻንጣ ላይ ምንም አይጨምርም። ብቻ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ስማችሁን ይጻፍበት፤ የእኔ አንዴ ከሕፃን ልብስ ጋር ሌላ ቤት ሄዶብኛል።