የፊልም ጎራዴ ፍልሚያ እንዴት ይሰራል? እውነቱ እና ትርኢቱ

ጅማ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም ስንሰራ የመጀመሪያውን የጎራዴ ፍልሚያ የቀረጽነው አዌቱ ወንዝ ዳር ነበር። ሁለቱ ልጆች ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጎራዴ ሲያፋጩ ቆዩ። ማታ ስናየው ማናችንም አልፈራንላቸውም። ደጋግሜ ሳየው ችግሩ ገባኝ። ሁለቱም የሚመቱት ጎራዴውን እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን ወስኑ፦ ተመልካቹ እንዲፈራ ነው የምትፈልጉት ወይስ እንዲደነቅ? የስለት ፍልሚያ በእውነት ሲሆን ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ያልቃል። ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሮሳዋ በ1962 እ.ኤ.አ. በሰራው «ሳንጁሮ» መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ይፋጠጣሉ። ከዚያ በአንድ ምት ያልቃል፣ ደሙም እንደ ምንጭ ይፈነዳል። ዝምታው እውነት ነው፣ ደሙ ትርኢት ነው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፦ ፍርሃቱን እውነተኛ አድርጉት፣ ትርኢቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አውጡት።

ቀጥሎ ጎራዴው። ከግድግዳ ላይ የአያት ጎራዴ እንዳታወርዱ፣ አደራ! ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ የጅማ አናጢ የእንጨት ጎራዴ አያቅተውም። ጫፉና ጠርዙ ዱልዱም ይሁን። ታሪኩ የኛ ከሆነ ሾተል አሰሩ። ሾተል የተቆለመመው ጋሻን ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው እንዲያገኝ ነው። ስለዚህ ጋሻ የያዘው ልጅ ከጋሻው ጠርዝ ዓይኑን መንቀል የለበትም። ይቺ አንድ እይታ ከአሥር ግጭት ትበልጣለች።

ከዚያ ርቀት። ክንድና ጎራዴ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ጫፉ ከባላጋራው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ካሜራውን ከአንደኛው ትከሻ ጀርባ ካስቀመጣችሁት ክፍተቱ አይታይም።

ልምምድ ላይ አትቸኩሉ። አምስት ወይም ስድስት ምት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፦ «አንድ» ራስ፣ «ሁለት» ግራ ትከሻ። ሁሌም ዓይን ለዓይን ተያይተው ይጀምሩ። የሚመታው ልጅ ቀድሞ ይሽሽ፣ መቺው ይከተለው። ለብዙ ቀን በዝግታ ብቻ። እኛ ቸኩለን የአንዱ ጣት አብጦ ቀረጻው ለሳምንት ቆመ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሳሩ ያንሸራትታልና ተዉት።

ድምፅ የመጨረሻው ነው። ጎራዴ ከቆዳ አፎት ሲመዘዝ ፊልም ላይ እንደምንሰማው «ሽንንግ» አይልም። ያንን አውጡትና ትንፋሹን፣ ጭቃ ላይ የሚረግጠውን እግር አስገቡ።

ሁለተኛው ቀረጻችን አሥራ አንድ ሰከንድ ሆነ። ማታ ቤት ስናየው ታናሽ እህቴ ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ላይ አደረገች።