ኢርፎን ለምታዘወትሩ፦ ቮልዩሙን የሚያስጨምራችሁ ታክሲው ነው

ማታ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም ተኝቶ ዘፈን ስትሰሙ ቮልዩሙ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ዘፈን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ክፈቱት። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፣ ሹፌሩ ሬዲዮውን ለቆታል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ እናንተም ይሄን ሁሉ ለመሸፈን እየጨመራችሁ እየጨመራችሁ ጥግ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ «ቮልዩም ቀንሱ» የሚለው ምክር ብቻውን ታክሲ ውስጥ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ጫጫታው ጆሮ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ለዚህ ደግሞ የግድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከኢርፎኑ ጋር ካርቶኑ ውስጥ የሚመጡ ትንንሽና ትልልቅ የጎማ ጫፎች አሉ አይደል? ብዙ ሰው ከላስቲካቸው እንኳ አያወጣቸውም። ሞክሯቸው። ልክክ ያለው ሲገባ የውጪው ድምፅ ወዲያው ይርቃል፣ ቤዙም ይወፍራል፣ ያኔ ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ትቀንሳላችሁ። የግራና የቀኝ ጆሮ መጠን ሊለያይ ስለሚችል ሁለት ዓይነት ጫፍ ማድረግም ነውር የለውም። አቅሙ ካለ ኖይዝ ካንስሊንግ ያለው ይሻላል፤ የሞተርና የአውሮፕላን ዓይነት የማያቋርጥ ድምፅ በደንብ ያፍናል፣ የሰው ወሬ ላይ ግን ያን ያህል አይደለም። መንገድ ስትሻገሩ አውልቁት፣ መኪና አይሰማችሁም።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ለልጆች በ75 ዴሲቤል 40 ሰዓት። እንደ ሳምንታዊ ፓኬጅ አስቡት። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ፓኬጁ በእጥፍ ፍጥነት ይበላል፦ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ብቻ። 3 ዴሲቤል ደግሞ በጆሮ ብዙም የማይለይ ጭማሪ ነው፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ስልክ ጥግ ድረስ ሲከፈት 100 ዴሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ከሄዳችሁ የሳምንቱ ድርሻ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለቀ ማለት ነው። ከጦር ኃይሎች ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ስልኩ ራሱ እንዲይዛችሁ አድርጉ። አይፎን ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ የድምፁን ክፍል፣ ከዚያ «ሄድፎን ሴፍቲ» የሚለውን ክፈቱና ከፍተኛ ድምፅ የሚቀንሰውን አብርታችሁ 80 ላይ አቁሙት። ሳምሰንግ ላይ የድምፁ ሴቲንግ ውስጥ «ሚዲያ ቮልዩም ሊሚት» አለ። አስፋልት ዳር የተገዛ ኢርፎን ከሆነ ግን ስልኩ የሚያሳየውን ዴሲቤል እንዳለ አትመኑት፣ ግምት ነው። እንዲህ ላለው ከቮልዩሙ 60 በመቶ አለማለፍና ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ሲያናግራችሁ መስማታችሁን ማየት ይበቃል።

አንድ ጆሮ ብቻ የምታደርጉ፣ በተለይ ጅዳና ቤሩት ቤት ውስጥ እየሠራችሁ ማዳም ስትጠራ እንዳያመልጣችሁ አንዱን ክፍት የምትተዉ እህቶች፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ችግሩ ክፍቱ ጆሮ የቤቱን ጫጫታ ስለሚያስገባ ሌላውን ትጨምሩታላችሁ። ድምፅ በሁለት ጆሮ ሲሰማ ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚሰማ፣ በአንዱ ሲሆን መጨመር ያምራል። እያቀያየራችሁ አድርጉ። ቫኩም ሲነሳ ወሬውንም መዝሙሩንም አቁሙት።

እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ ስብከት ወይም ትረካ የምትሰሙ ደግሞ ሰዓት ሙሉበት፣ ራሱ ይጥፋ።

ካወለቃችሁ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ ወይም የሰው ድምፅ ከታፈነባችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ሰምታችኋል ማለት ነው። ለጥቂት ቀናት ኢርፎን ተዉ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ግን በተደጋጋመ ቁጥር ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ይሞታሉ፣ የሞቱት ደግሞ አይተኩም። ጭው ማለቱ ካልለቀቀ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ ጆሮ በድንገት ድርግም ብሎ ከጠፋባችሁማ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ሕክምናው የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው። እስከዚያ ዘይትም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ አትጨምሩበት፣ በክብሪት እንጨትም አትጎርጉሩት።