የኪኩዩ ጎጆ በአንድ ቀን እንዴት እንደሚሠራ

በማዕከላዊ ኬንያ፣ በሙራንጋ፣ በኒየሪና በኪያምቡ ኮረብታዎች የሚኖሩት ኪኩዩዎች ጎጆ ሲቀልሱ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበራቸው፤ ጠዋት የተጀመረ ቤት በዚያው ማታ ሰው ሊያድርበት ይገባል። ሳያልቅ ቀርቶ ባዶውን ካደረ ክፉ መንፈስ ቀድሞ ይገባበታል ተብሎ ይታመን ነበር። ለባህል ማዕከል ወይም ለትምህርት ቤት ማሳያ ጎጆ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሕግ አትለፉት። የሥራው ቅደም ተከተል ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው።

አንድም እንጨት ሳይቆረጥ ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ወንዱ እንግዳ የሚቀበልበትና ወንዶች ልጆቹን የሚመክርበት ቤት ቲንጊራ ይባላል። የሚስት ቤት ደግሞ ኙምባ ነው። ብዙ ሚስት ያለው ሰው ለእያንዳንዷ የየራሷን ኙምባና የየራሷን ጎተራ ይሠራል። ኙምባ የሚለው ቃል ጎጆውን ብቻ ሳይሆን ከአንዲት እናት የተወለዱትን ሁሉ ይጠራል። ሕዝቡም ራሱን «ኙምባ ያ ሙምቢ»፣ የሙምቢ ቤት ይላል። ሙምቢ በአፈ ታሪኩ የሕዝቡ የመጀመሪያ አባት የጊኩዩ ሚስት፣ ጎሳዎቹ የወጡባቸው ሴቶች ልጆች እናት ናት። ልጆቿ አሥር ሆነው ሳለ «ሙሉ ዘጠኝ» ይባላሉ፤ ልጅን በትክክል መቁጠር ነውር ነውና። ስሟ ሸክላ ከመሥራት፣ ጭቃን ቅርጽ ከማስያዝ ጋር የተያያዘ ነው። እኔ እንደማየው የጎጆው ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ግንዱን ወንዶች ቢያቆሙትም ቤቱ የሚጠራው በእናት ነው።

ቀጥሎ ዕቃው አስቀድሞ ይሰብሰብ። በአንድ ቀን የሚያልቀው ግንባታው እንጂ ዝግጅቱ አይደለም። ወንዶች እንጨት ይቆርጣሉ፣ ሴቶች ሳር ያጭዳሉ። ሙጉሞ የሚባለውን የሾላ ዘመድ ግን ማንም አይነካውም። መሥዋዕት የሚቀርብበት የተቀደሰ ዛፍ ስለሆነ ለቤት አይቆረጥም፣ ለማገዶም አይለቀምም። ሥራው በደቦ ስለሆነ ለጎረቤትና ለዘመድ ምግብና ከሸንኮራ አገዳ የሚጠመቀው መጠጥ ይዘጋጅ።

በቀኑ ማለዳ ባለቤቱ ከመጠጡ ጥቂት ለአባቶች መሬት ላይ ያፈስሳል፤ ፊቱንም ወደ ኪሪኛጋ አዙሮ ወደ አምላኩ ወደ ንጋይ ይጸልያል። ኪሪኛጋ 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ ሲሆን የንጋይ ማረፊያ ነው ይባላል።

ከጸሎቱ በኋላ መሬቱን ደልድሉና መሐሉ ላይ ካስማ ትከሉ። ገመድ እሰሩበት፤ በገመዱ ጫፍ ሌላ እንጨት አስራችሁ ዙሪያውን እየጫራችሁ ዙሩ። ክቡ ሲወጣ የግድግዳውን ቋሚዎች በመስመሩ ላይ፣ ጣራውን የሚሸከሙትን አራት ምሰሶዎች ደግሞ በውስጥ በኩል በአራት ማዕዘን አቁሙ። ወራጁና ማገሩ የሚታሰረው በልጥ ነው፤ ምስማር አይገባም። ሳር ተሸክመው የሚመለሱት ሴቶች ግድግዳው ገና ሳይቆም ካገኙ ወንዶቹን በዘፈን እየሸነቆጡ ያጣድፏቸዋል። ሳሩን ከታች ከጠርዙ ጀምራችሁ ወደ ላይ ክደኑ። የላይኛው ድርብ በታችኛው ላይ ካልወደቀ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል።

የውስጡ አከፋፈል ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሐል ላይ ሦስት ጉልቻ ይቀመጣል። በዙሪያው የእናት መኝታ፣ የሴቶች ልጆች ማደሪያ፣ የፍየሎች ቦታና የሚቀለበው በግ በረት አለ። ወንዶቹ ልጆች ከተገረዙ በኋላ የእናታቸውን ቤት ትተው ያድራሉ። ማታ ማታ እናት ወይም አያት በእሳቱ ዳር «ግዋታ ንዳይ» ስትል ልጆቹ «ንዳግዋታ» ብለው ይመልሳሉ። ከእኛ «እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልህ» ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ በሉ። ትምህርት ቤታቸው ይህ የጉልቻ ዳር ነበር።

የድሮውን ጎጆ ለማየት የምትፈልጉ ናይሮቢ ያለው የባህል መንደር ቦማስ ኦፍ ኬንያ ይሻላችኋል፤ በገጠሩ ብዙም አልቀረም። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ1952 በእነሱ ላይ የተነሣውን የማው ማው አመፅ ለመደምሰስ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ ከ1954 ጀምሮም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከየግቢው አስነሥተው በጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች አሰፈሩት። በየኮረብታው ተበታትኖ የነበረው የእናቶች ቤት ያኔ ፈረሰ። ይህን ሳያውቁ ጎጆውን ለጌጥ ብቻ መሥራት ያሳዝነኛል።

ክዳኑ ሲያልቅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከቀድሞው ቤት ፍም ይምጣ። ጉልቻው መሐል አኑሩት፣ ደረቅ እንጨት ጨምሩበት። ጢሱ በአዲሱ ሳር መሐል ቀስ እያለ ሲወጣ ይታያል፤ ሳሩን ከተባይ የሚጠብቀውም እሱ ነው። እራት እዚያው ይብሰል፣ ቤተሰቡ እዚያው ይደር፤ ሲተኙም እሳቱ እስኪነጋ እንዳይጠፋ ፍሙ በአመድ ይዳፈን።