ፈረስ የሚማረው ዛቡ ሲላላ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ላይ አንዲት ጀማሪ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ኧረ አልቆም አለችኝ!» ብላ ጮኸች። ዛቡን፣ ማለትም ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን መያዣ ጠፍር፣ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ ተንጋላለች። ተረከዟ ደግሞ የባዝራዋን ሆድ ጨምቆ ይዟል። ባዝራዋ አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ሰቅላ ወደ ፊት ትገፋለች።

«እግርሽን ፍቺ። ጣትሽንም ላላ አድርጊ» አልኳት።

«ብለቃትማ ትሮጣለች!»

«ግድ የለም፣ እኔ አለሁ።»

ላላ አደረገች። ባዝራዋ ሦስት አራት እርምጃ ሄዳ ቆመች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። እግር «ሂጂ»፣ እጅ «ቁሚ» እያላት ምን ታድርግ ኖሯል?

ፈረስ ለመጋለብ የምታስቡ ሁሉ ኮርቻ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የፈረሱን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ከፊት ጥርሶቹና ከመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ። የልጓሙ ብረት የሚያርፈው እዚያ ድድና ምላሱ ላይ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያው አጥንት ነው። የራሳችሁን ቅልጥም ከፊት በኩል በቁልፍ ጫን አድርጉት። ያን ጊዜ ይገባችኋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በዓሉም ጥር 23 ነው። የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለበዓሉ ስለማመድ ፈረሴ አንገቱን ቆልምሞ እንዲያምርልኝ ዛቡን ወጥሬ ይዤ ዋልኩ። ልጓሙ የድሮው፣ የታች መንጋጋን የሚከብ ቀለበት ያለው ነበር። እሱ በትንሽ ስበት ብዙ ይጫናል። ማታ አባቴ የፈረሱን አፍ በጋቢው ጫፍ ጠረገና ጨርቁን አሳየኝ። አረፋው ሮዝ ነበር። «ይሄ የማን ደም ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እሺ፣ የዛብ ስበት ልኩ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት ልጓም የማያውቁ ወጣት ፈረሶችን ተመልክቶ ነበር። ምግቡ ጋ ለመድረስ አንገታቸውን ሲዘረጉ ዛቡ ይወጠራል። በመጀመሪያው ቀን በአማካይ እስከ 10 ኒውተን ድረስ ታገሡ፤ ይህ 1 ኪሎ ገደማ ነው። በማግሥቱ ግን ወደ 6 ዝቅ አሉ። ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ እንኳን ከዚያ በላይ አልፈለጉም።

ይህን እጃችሁ እንዲያውቀው ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ውሃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በገመድ አስራችሁ በወንበር መደገፊያ ላይ አሳልፉት። የገመዱን ጫፍ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል አስገብታችሁ ከላይ በአውራ ጣት ያዙት። ክርናችሁ ይታጠፍ። ሃይላንዱን ከመሬት ብድግ አድርጋችሁ ሳይወዛወዝ ያዙ። ከዚህ በላይ ለዘወትር አያስፈልጋችሁም። ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ልጓሙን በሁለት እጁ ይያዝና ዓይኑን ይጨፍን፤ እናንተ ዛቡን ያዙ። ጣት ስትጨብጡ እንኳን ይሰማዋል። ተማሪዎቼ በዚህ ሁሌ ይደነግጣሉ።

ፈረሱ ላይ ስትወጡ ዋናው ነገር ክርን ነው። ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ ራሱን ያወዛውዛል። ሲጋልብም አንገቱን ይዘረጋል፣ ይመልሳል። እጃችሁ ከቆመ በየእርምጃው ብረቱ ድዱን ይመታዋል። ስለዚህ ክርናችሁ እንደ በር ማጠፊያ ይከፈት፣ ይዘጋ። ሶምሶማ ላይ የፈረሱ ራስ ብዙም አይወዛወዝም፤ እዚያ የሚነጥረው እናንተ ናችሁ። ሚዛናችሁን በዛቡ አትጠብቁ። መውደቅ ከፈራችሁ ጋማውን ያዙ፤ ምንም ነውር የለውም።

ዛቡን ማንዘላዘልም መፍትሔ አይደለም። የተንዘላዘለ ዛብ ድንገት ሲወጠር መኪና በገመድ ሲጎተት እንደሚያናጋው ያናጋዋል። በቀስታ የሚነካ፣ የማይጎትት፣ እሱ ነው የምንፈልገው።

ለማቆም እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እግራችሁን አላሉ፤ ተንፍሱ፤ ኮርቻው ላይ ዘና ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ጣታችሁን ጨብጡ። ወደ ኋላ አትጎትቱ፣ ጨብጣችሁ ብቻ ቆዩ። ካልሰማ በጥቂቱ ጨምሩ፣ አትንጠቁት። ቀነስ ባለበት ቅጽበት ጣታችሁን ፍቱ። ከቆመ በኋላ ሳይሆን መቀነስ ሲጀምር! ፈረሱ «አሃ፣ ልክ ነኝ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ቢቆምም ባይቆምም ዛቡ እንደተወጠረ ከቀረ ምን ይማራል? ብረቱ ላይ መደገፍ። ሰው ከዚያ በኋላ «አፉ ደንድኗል» ይልና ጠንከር ያለ ልጓም ይገዛል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

እየጋለባችሁ ፈረሱን አዳምጡት። አፉን መክፈት፣ ምላስ ማውጣት፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ራስ መናጥ፣ ጭራ መወንጨፍ የልጓም ቅሬታ ሊሆን ይችላል። አገጩን ወደ ደረቱ የሚሸጉጠውን ፈረስ ብዙ ሰው «እንዴት ያምራል!» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከብረቱ እየሸሸ ነው። የአፍንጫ ማሰሪያውን አጥብቆ አፉን መዝጋት ደግሞ አፉን ማፈን ነው። በአፍንጫው አጥንትና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ዛቡን አላልታችሁም ምልክቱ ካልጠፋ ጥርሱን የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የሾለ መንጋጋ ጥርስም እንዲህ ያደርገዋል።

ስትወርዱ ልጓሙን ፈትታችሁ የአፉን ሁለት ጥግ እዩ። ድዱን ዳብሱ። ቁስል ካለ እስኪድን ልጓም አይግባለት፤ እስከዚያው በራስ ገመድ እየሳባችሁ አንሸራሽሩት።